ነጠላውና ፊቱ በአንድ ፎቶ፦ የአዲስ ካሜራ ጉድለት በማን መለኪያ ይታወቃል?

ባለፈው ጥር በፉሪ፣ ከምኖርበት ሠፈር ብዙም በማይርቅ ቤት፣ ሠርግ ነበር። ሠርጉን ያነሣው ጎረቤቴ የሆነ ወጣት ፎቶ አንሺ ሲሆን፣ የያዘውም ለገበያ ከቀረበ ጥቂት ወራት ብቻ የሆነውና ከባሕር ማዶ በዘመድ ሻንጣ የመጣለት አዲስ ዲጂታል ካሜራ ነበር። በሳምንቱ ፎቶዎቹን በመምረጥ እንዳግዘው ጠራኝ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥርዓተ ተክሊሉ ሲፈጸም የተነሡት ምስሎች ጠቆርና ፈካ ባሉ አግድም ሰንበሮች ተሸንሽነዋል። በደጅ ከተነሡት በከፊሎቹ የሙሽራዋ አያት ነጠላ ሽመናው ሳይለይ አንድ ነጭ ዝርግ ሆኗል፤ በቀሩት ነጠላው ሲተርፍ የአያትየዋ ፊት ጨልሟል። እኚህ እናት ለዚያች ዕለት ብቻ ከገጠር መጥተው በማግሥቱ የተመለሱ ናቸው። ጎረቤቴ ከተዋዋለበት ክፍያ ግማሹን መለሰ፤ ፎቶውን ግን መልሶ ሊያነሣው አልቻለም።

የካሜራውን ስም አላነሣም፤ ነገሩ የአንድ ካሜራ ብቻ አይደለምና። አምራች ቢጠየቅ ዕቃው ደኅና ነው ማለቱ አይቀርም። ልምድ ያለው ባለሙያ ቢጠየቅ ደግሞ ጥፋቱን ባልንጀራው ላይ ይጥላል። የዚህ አጭር መጣጥፍ አቋም ከሁለቱም ይለያል። ጉድለት ተብሎ የሚመዘገበው በመለኪያ የተያዘው ብቻ ነው፤ መለኪያውን የሚያወጣውም ካሜራው የት፣ በምን ብርሃን፣ ማንን እንደሚያነሣ አስቀድሞ በአእምሮው የሣለ ሰው ነው። የእኛ ፊት፣ ልብስና መብራት በዚያ ሥዕል ውስጥ እስካልገቡ ድረስ በእኛ ላይ የሚደርሰው ጉድለት የእኛው አለማወቅ ተብሎ ይቀራል።

በመጀመሪያ፣ አዲስ ካሜራ ከነጉድለቱ ወደ ገበያ መውጣቱ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ የቀረበው ላይካ ኤም 8 ዓይን የማያየውን የኢንፍራሬድ ጨረር በበቂ ሁኔታ ስላልከለከለ፣ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠሩ ጥቁር ልብሶችን ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀለም ይሰጣቸው ነበር። ኩባንያው ለገዢዎች ሁለት ሁለት ማጣሪያ በነጻ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የወጣው ካነን 5ዲ ማርክ 2 ከደማቅ የብርሃን ነጥቦች አጠገብ ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች ያሳይ ስለነበር በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ በሶፍትዌር ማሻሻያ ታረመ። በፉጂፊልም ኤክስ 10 ላይ ከሚያንጸባርቁ ነገሮች የሚመጣው ብርሃን ጠርዙ የተቆረጠ ነጭ ክብ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ኩባንያው በሶፍትዌር ሞክሮ ስላልበቃው እ.ኤ.አ. በ2012 ብርሃን ተቀባዩን ክፍል፣ ማለትም ሴንሰሩን፣ ወደ መቀየር ሄደ። በዚያው ዓመት የወጣው ኒከን ዲ 600 ሴንሰሩ ላይ ነጠብጣብ ስለሚያበዛ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 የዋስትና ጊዜው ላለፈበትም ጭምር መዝጊያውን በነጻ እንደሚቀይር አስታወቀ።

እነዚህ አራት ታሪኮች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ጉድለቱ በሰፊው የታወቀው ካሜራው በገዢዎች እጅ ከገባ በኋላ ነው፤ መፍትሔውም የመጣው ገዢዎቹ ምስል ከምስል አስተያይተው በአንድ ድምፅ ስለተናገሩ ነው። የላይካው ታሪክ በተለይ ለእኛ ቅርብ ነው። ከሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሰፋ የሙሽራ ጥቁር ካባ በዚያ ካሜራ ቢነሣ ቀለሙ ሊለወጥ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ጉድለቱን ቀድሞ የገለጠው የእኛ ካባ ሳይሆን የሌላው ዓለም ጥቁር ኮት ነው። በሌላው ዓለም የማይለበስ፣ እኛ ዘንድ ግን ዘወትር የሚለበስ ልብስ ቢሆን ኖሮ ማን ይናገርለት ነበር?

ወደ አያትየዋ ነጠላ እንመለስ። የካሜራ ብርሃን መለኪያ በጥንተ ልማዱ ፊቱ ያለው ትዕይንት በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሣል። በነጭ ነጠላ የተሞላ ትዕይንት ሲያጋጥመው ብርሃኑ በዝቷል ብሎ ያጨልመዋል፤ በዚህ ጊዜ ጠይሙ ፊት አብሮ ይጨልማል። ፊት ፈልጎ የሚያገኘው የዘመኑ ካሜራ በተቃራኒው ብርሃኑን ለፊቱ ሲያመቻች ነጠላው ከሴንሰሩ አቅም በላይ ሆኖ ይነጣል። በጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ ላይ በቀትር ፎቶ ያነሣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የማይቀር ነው፤ የትኛው እንደሚመረጥ ግን አስቀድሞ በሶፍትዌሩ ውስጥ ተወስኗል።

እዚህ ላይ ለአምራቾች የሚገባቸውን ፍርድ መስጠት ያስፈልጋል። የችግሩ አንዱ ክፍል የተፈጥሮ ሕግ ነው። ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው በፍንጣቂ፣ ማለትም በፎቶን፣ ሲሆን የፎቶኖቹ ቁጥር ሁልጊዜ ጥቂት ይዋዥቃል፤ የመዋዠቁ መጠን የቁጥሩ ካሬ ሥር ነው። አንድ ነጥብ 10,000 ፎቶን ቢቀበል መዋዠቁ 100 ያህል ስለሆነ ምስሉ ከመዋዠቁ 100 እጥፍ ይበልጣል። ብርሃኑ በአራት እጅ ቀንሶ 2,500 ቢሆን መዋዠቁ 50፣ ብልጫውም 50 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ጠይም ቆዳ ከቀላ ቆዳ ያነሰ ብርሃን ስለሚመልስ፣ በደብዛዛ ቦታ ምስሉ ላይ እንደ አሸዋ የሚበተኑት ነቁጦች ቀድመው የሚታዩት በእሱ ላይ ነው። ይህ የማንም ተንኮል አይደለም። ነገር ግን ነቁጦቹን ለማጥፋት ሶፍትዌሩ ፊቱን ምን ያህል ያለስልሰው፣ ብርሃኑን ለማን ያመቻች፣ ቀለሙን ወደየት ያዘንብለው የሚለው ሁሉ የሰው ውሳኔ ነው። ውሳኔ ከሆነ ደግሞ ሊጠየቅና ሊታረም ይችላል።

ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በፊልም ዘመን የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም ያስተካክሉ የነበሩት ኮዳክ በሚልካቸውና የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ባለበት ካርድ ነበር፤ ካርዱም በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ» ተባለ። የካናዳዋ ተመራማሪ ሎርና ሮት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንደሚነበበው፣ ኩባንያው ቡናማ ቀለማትን ለይቶ የሚያሳይ ፊልም እንዲሠራ ከገፋፉት መካከል የጥቁር ደንበኞች ቅሬታ ሳይሆን የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች አቤቱታ ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውና ዛሬም በካሜራ ሙከራ የሚያገለግለው ታዋቂ የቀለም ሰሌዳ 24 ቀለማት ሲኖሩት፣ ለጠቆረ ቆዳ የተሰጠው አንድ መደብ ብቻ ነው። ከሐመር እስከ መርዌ፣ ከሞያሌ እስከ መተማ ያለው የሰው መልክ ሁሉ በአንዲት መደብ ውስጥ ይኖራል ማለት ነው።

ጉዳዩ ከሠርግ አልበም እንደሚያልፍ ካሳዩት ሰዎች አንዷ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ዶክተር ትምኒት ገብሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ከሦስት የአፍሪካና ከሦስት የአውሮፓ አገሮች የተወሰዱ የ1,270 የምክር ቤት አባላት ፎቶዎችን ለሦስት ኩባንያዎች የፊት መለያ ሶፍትዌር አቀረቡ። ሶፍትዌሮቹ የሰዎቹን ጾታ ሲለዩ በቀላ ቆዳ ወንዶች ላይ የታየው ስሕተት ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን፣ በጠቆሩ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። ጥናቱ የካሜራ መነሻ ቅንብር ለቀላ ቆዳ የሚያመች መሆኑንም ሳይጠቅስ አላለፈም። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ባጸደቀችው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት የጣት አሻራና የዓይን ብሌን ብቻ ሳይሆን የፊት ምስልም ይመዘገባል። ይህን ስል ሥርዓቱ ጉድለት አለበት ማለቴ አይደለም። ፊት ማስረጃ በሆነበት ዘመን የካሜራ ጥራት የቅንጦት ጥያቄ አለመሆኑን ለማመልከት ነው።

በዚህ አቋም ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው «ጎበዝ ባለሙያ በማንኛውም ካሜራ ያነሣል» የሚል ነው። በከፊል እውነት ነው። የተክሊሉን ሰንበሮች እንውሰድ። ጎረቤቴ ጸሎቱን ላለመረበሽ ድምፅ አልባውን የኤሌክትሮኒክ መዝጊያ መረጠ። በዚህ አሠራር ሴንሰሩ ምስሉን የሚያነብበው በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመር በመስመር ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራሉ፣ ይደበዝዛሉ። ሴንሰሩ ሙሉውን ምስል ለማንበብ የሰከንድ አንድ ሃያኛ ቢወስድበት መብራቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ አምስት ጊዜ ይዋዥቃል፤ አምስት ሰንበርም ይታተማል። የመዝጊያውን ፍጥነት አንድ መቶኛ ወይም አንድ ሃምሳኛ ሰከንድ ማድረግ አብዛኛውን ችግር ያስወግደዋል። እርግጥ ነው፣ ጎረቤቴ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ፎቶው ይተርፍ ነበር። ሆኖም ከካሜራው ጋር ከመጣው አጭር መመሪያ ይህን የሚያስጠነቅቅ አንድ መስመር አላገኘንም። እውቀቱ በገንዘብና በእንባ ከተገዛ በኋላ «ችሎታ» ተብሎ መጠራቱ አምራቹን ከማስጠንቀቅ ግዴታ ነጻ አያወጣውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቴክኖሎጂው ራሱን እያረመ ነው የሚል ነው። ይህም እውነትነት አለው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ፒክስል 6 በተባለው ስልኩ የጠቆረ ቆዳን በተሻለ የሚያሳይ አሠራር አስተዋውቋል፤ በተከታዩም ዓመት የሃርቫርዱ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኤሊስ መንክ ያዘጋጁትን ባለ 10 ደረጃ የቆዳ ቀለም መለኪያ ለሕዝብ አቅርቧል። ነገር ግን ይህ መሻሻል በራሱ ጊዜ እንደ ፍሬ የበሰለ አይደለም። የመጣው ሰዎች ለክተው፣ ጽፈው፣ ስለተከራከሩ ነው። ዝም ብንል የእኛ ነጠላና የእኛ አምፖል በሚቀጥለው ማሻሻያ ውስጥ አይገቡም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ችግር አለ። ከላይ የተዘረዘሩት ማጣሪያዎች፣ አዲስ ሴንሰሮችና መዝጊያዎች የደረሱት ግዢው ለተመዘገበለት ሰው ነው። በሻንጣ የገባ ካሜራ ደረሰኝ የለውም ወይም ዋስትናው በሌላ አገር ይቀራል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራት በቂ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት አለው ይላል። መብቱን ለመጠየቅ ግን በመጀመሪያ ማን እንደሸጠ መታወቅ አለበት።

ምን ይደረግ? ሐሳቤ ታላቅ ላቦራቶሪ የሚጠይቅ አይደለም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ያሉ የፊዚክስ፣ የኮምፒዩተርና የሥነ ጥበብ ክፍሎች ከፎቶ አንሺዎች ጋር ሆነው አራት ቋሚ የሙከራ ትዕይንቶችን ማዘጋጀት ይችላሉ፦ በቀትር ፀሐይ ነጠላ የለበሰ ጠይም ሰው፤ በጥላ ሥር የወርቅ ጥልፍ ያለው ጥቁር ካባ፤ በጧፍ ብርሃን የሚታይ ፊት፤ እና በተለመደው የኤልኢዲ አምፖል ሥር በድምፅ አልባ መዝጊያ የተነሣ አዳራሽ። ወደ ገበያ የሚገባ እያንዳንዱ አዲስ ካሜራና ስልክ በእነዚህ ይፈተን፤ ውጤቱም በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ይታተም። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ርእስ ለሚፈልግ ተማሪም ይህ ከበቂ በላይ ሥራ ነው። ነጋዴዎች የካሜራውን መለያ ቁጥር የያዘ ደረሰኝ ይስጡ። ፎቶ አንሺዎችም አዲስ ካሜራ በእነዚህ ትዕይንቶች ሳይፈትኑ ይዘው ሠርግ አይግቡ፤ ሲያነሡም ሴንሰሩ የሰበሰበውን ሁሉ የሚያቆየውን ጥሬ ፋይል አብረው ያስቀምጡ።

ጎረቤቴ ዛሬም በዚያው ካሜራ ይሠራል፤ ሌላ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ባለፈው እሑድ ከቤታችን ደጅ፣ የፉሪ ተራራ ከበስተጀርባ እየታየ፣ እናቴን ነጠላቸውን እንደለበሱ አስቁመን የመጀመሪያውን ትዕይንት ሞከርን። ብርሃኑን ለነጠላው አመቻችተን፣ ፊታቸውን ከጥሬው ፋይል ቀስ ብለን አወጣነው። ጥለቱም ፊቱም ተረፉ። ለአንዲት ፎቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብን። በአንድ ሠርግ ስንት መቶ ፎቶ እንደሚነሣ የሚያውቅ ሰው ይህ ግማሽ ሰዓት በማን ትከሻ ላይ ሊወድቅ እንደሚገባ አብሮን ይመርምር።