በኤዲንብራ ዙሪያ ስላሉት የጎልፍ ሜዳዎችና ስለ አመራረጣቸው

ሰው ወደ ባዕድ አገር ሄዶ በተመለሰ ጊዜ ምን አየህ ተብሎ ሲጠየቅ፥ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው አስቀድሞ ስሙን ስለ ሰማው ነገር ነው እንጂ በእግሩ ረግጦ ስለ መረመረው ነገር አይደለም። ይህም በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንብራ በግልጽ ይታያል። ለትምህርት ወይም ለመንግሥት ጉዳይ ወደዚያ የሚላክ እንግዳ ጥቂት የዕረፍት ቀን ያገኘ እንደ ሆነ፥ አገሩ የጎልፍ ጨዋታ መዲና ነውና ከሜዳዎቹ በአንዱ ለመጫወት ይመኛል። ነገር ግን የትኛው ሜዳ ለርሱ ችሎታ እንደሚስማማ ሳይጠይቅ ስሙ በጋዜጣ የገነነውን ብቻ ስለሚመርጥ፥ ወይ ሳይፈቀድለት ከበር ይመለሳል፥ ወይም ተፈቅዶለት ገብቶ ቀኑን ሙሉ ኳሱን በረጅም ሣርና በአሸዋ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል።

ጎልፍ ማለት ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ከአንዱ ጕድጓድ ወደ ሌላው ጕድጓድ እያገቡ መሄድ ነው፤ ኳሱን በጥቂት ምት አግብቶ የጨረሰ ያሸንፋል። ዱላና ኳስ ያለበት በመሆኑ የኢትዮጵያ ሰው የገናን ጨዋታ ማስታወሱ አይቀርም። በገና ግን ሁለት ወገን ተሰልፎ በአንዲት ሩር ይሻማል፤ በጎልፍ ሰው የራሱን ኳስ ይመታል እንጂ የባልንጀራውን ኳስ አይነካም፤ ስለዚህ ዋናው ባላጋራ መሬቱና ነፋሱ ነው። የሜዳው ምርጫ ከባድ ነገር የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በኤዲንብራ አጠገብ ያሉት የታወቁት ሜዳዎች አብዛኞቹ በባሕር ዳር ያሉ አሸዋማ መሬቶች ናቸው፤ አገሬው ሊንክስ ይላቸዋል። እህል ለማብቀል የማይረቡ ስለ ሆኑ ከጥንት ጀምሮ ለበግ ግጦሽ፥ ለልብስ ማስጫና ለሕዝብ መጫወቻ የተተዉ ነበሩ።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ስኮትላንድ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1457 የስኮትላንድ ንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ ሕዝቡ ጎልፍና የእግር ኳስ እየተጫወተ የቀስት ትምህርቱን ስለ ተወ፥ ሁለቱም ጨዋታዎች እንዲቀሩ በፓርላማ አሳወጀ። ዐዋጁ በ1471ና በ1491 ደግሞ ተነገረ። አንድ ዐዋጅ ሦስት ጊዜ መነገሩ ሕዝቡ እንዳልሰማው ያስረዳል። በ1502 ግን አራተኛው ጄምስ ከእንግሊዝ ጋር የሰላም ውል ካደረገ በኋላ፥ ራሱ በፐርዝ ከተማ ከሚኖር ቀስት ሠሪ የጎልፍ ዱላ ገዛ። ቀስት እንዲማሩ ጨዋታው የተከለከለባቸው ሰዎች ንጉሣቸው ከቀስት ሠሪው ዘንድ የመጫወቻ ዱላ ሲገዛ ባዩ ጊዜ ሳይስቁ አልቀሩም ይሆናል።

የኤዲንብራ ወደብ በሆነችው በሌዝ ያለው ሜዳ ሊረሳ የማይገባው ነው። በ1744 የከተማው ምክር ቤት ከብር የተሠራ የጎልፍ ዱላ ለሽልማት በሰጠ ጊዜ፥ በዚያ ይጫወቱ የነበሩት መኳንንትና ሊቃውንት የጨዋታውን ሕግ በ13 አንቀጽ ጽፈው አወጡ፤ ለማኅበር ውድድር ከተጻፉት የጎልፍ ሕጎች እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የመጀመሪያው እርሱ ነው። ያን ጊዜ ያሸነፈው ጆን ራትሬይ የተባለ ሐኪም ነበር። ይህ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ከልዑል ቻርልስ ሠራዊት ጋር በሐኪምነት ዘመተ፤ ሠራዊቱ በኩሎደን ድል ከሆነ በኋላ ተማርኮ በታሰረ ጊዜ፥ በሜዳው ባልንጀራው የነበረው ዳንካን ፎርብስ የተባለው የአገሩ ከፍተኛ ዳኛ ስለ ርሱ ማልዶ አስፈታው። ዳኛው የንጉሡ ወገን፥ ሐኪሙ የዐመፀኞቹ ወገን ነበሩ። ዛሬ በሌዝ ሜዳ ጎልፍ አይጫወቱበትም፤ የሕዝብ መናፈሻ ሆኗል። ቢሆንም እንግዳው ዱላውን ከማንሣቱ በፊት እዚያ ቢመላለስ ጊዜውን በከንቱ አላጠፋም።

የሌዝ ማኅበርተኞች ሜዳው ሰው ስለ በዛበት በ1836 ወደ መስልበራ ሄዱ። መስልበራ ከኤዲንብራ በስተምሥራቅ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። አሮጌው ሜዳዋ 9 ጕድጓድ ብቻ ያለውና በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ የተከበበ ነው፤ ሆኖም ከ1874 እስከ 1889 ባለው ዘመን ኦፕን የሚባለው ታላቁ ውድድር ስድስት ጊዜ ተደርጎበታል። ለዚህች ከተማ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የሚሆናት ግን ሌላ ነገር ነው። በ1810 መጨረሻ የመስልበራ የጎልፍ ማኅበር፥ በአዲሱ ዓመት በ1811 መባቻ በሚደረገው ጨዋታ ከዓሣ ሻጮች ሴቶች መካከል ለምታሸንፈው አዲስ የዓሣ መሸከሚያ ቅርጫትና የትከሻ መደረቢያ እንዲሸለም በመዝገቡ ጻፈ። እነዚህ ሴቶች ከባድ ቅርጫት በጀርባቸው አዝለው እስከ ኤዲንብራ በእግራቸው እየሄዱ ዓሣ የሚሸጡ ነበሩ። የድኻ ሴት ከሥራዋ ዐርፋ በሜዳ እንድትጫወት፥ በተጫወተችም ጊዜ እንድትከበር ያን ጊዜ የታሰበላት መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

ያው የሌዝ ማኅበር ግን መስልበራም ስለ ጠበበችው በ1891 ወደ ሙርፊልድ ተዛውሮ የራሱን ሜዳ አበጀ። ሙርፊልድ ከኤዲንብራ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለ ሜዳው ጥበብ ምንም ነቀፋ አይገኝበትም፤ የመጀመሪያው እኩሌታ ወደ ቀኝ ሲዞር ሁለተኛው እኩሌታ በውስጡ ወደ ግራ ስለሚዞር፥ ተጫዋቹ ነፋሱን አንድ ጊዜ በፊቱ፥ አንድ ጊዜ በጎኑ፥ አንድ ጊዜ በኋላው ያገኘዋል። የማኅበሩ ልማድ ግን እንደ ሜዳው አልነበረም። በ2016 ሴቶች አባል ይሁኑ አይሁኑ ተብሎ ድምፅ በተሰጠ ጊዜ፥ የሚፈቅዱት ቢበዙም ከሦስቱ ሁለት እጅ ስላልሞላ ነገሩ ወደቀ። የኦፕን ውድድር አስተዳዳሪዎችም ወዲያው ሙርፊልድን ከውድድሩ ሜዳዎች መዝገብ አስወጡት። በሚቀጥለው ዓመት በ1917 ሳይሆን በ2017 ማለት ነው፥ እንደ ገና ድምፅ ተሰጥቶ ሴቶች ተፈቀደላቸው፤ በ2022ም የሴቶቹ ታላቅ ውድድር በዚያው ሜዳ ተደረገ። የመስልበራ ዓሣ ሻጮች ከተሸለሙ ከ200 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሙርፊልድን የሚመርጥ እንግዳ ችሎታው የታወቀ፥ ለውጭ ሰው በሳምንት በተወሰኑት ቀኖች ለመድረስ የሚችል፥ ገንዘቡም የማይቸግረው ቢሆን ይሻላል፤ ይህ ሁሉ የሌለው ሰው ባይሄድበት ምንም አይቀርበትም።

በዚያው አውራጃ የሚገኙት ጋለንና ኖርዝ በሪክ ለብዙ ሰው ይስማማሉ። ወደ ኖርዝ በሪክ ከኤዲንብራ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ያስኬዳል። በዚያ ያለው የምዕራቡ ሜዳ ኳስ ከድንጋይ ካብ በላይ የሚያሻግሩበት ሲሆን፥ ሬዳን የሚባለው 15ኛው ጕድጓድ አቀማመጡ በብዙ አገር ተቀድቷል። ጋለን ደግሞ ከሦስቱ ትልልቅ ሜዳዎቹ ሌላ ለሕፃናት የተለየ 6 ጕድጓድ ያለው ትንሽ ሜዳ አለው። በዚህ ሜዳ አዋቂ ሰው ብቻውን እንዲጫወት አይፈቀድለትም፤ ሕፃን ይዞ መምጣት ይገባዋል። ለትልቁ ሕፃን ዋስ የሆነበት ቦታ ሌላ መኖሩ ያጠራጥራል።

አሁን ወደ ሴንት አንድሩዝ እንምጣ ቢባል፥ ከሁሉ የገነነ ስም ያለው ይህ ነው። ከተማይቱ ከኤዲንብራ በስተሰሜን ከባሕሩ ወሽመጥ ማዶ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ስሟም የሐዋርያው የቅዱስ እንድርያስ ነው፤ በአገሬው ትውፊት የሐዋርያው ዐፅም ወደዚያ እንደ መጣ ይነገራል። አሮጌው ሜዳ የሚባለው መሬት እስከ ዛሬ የሕዝብ ሆኖ መቈየቱ ግን በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በ1552 ሊቀ ጳጳሱ ጆን ሃሚልተን በሜዳው ጥንቸል ለማርባት ፈቃድ ባገኘ ጊዜ፥ የከተማው ሕዝብ በዚያው መሬት ጎልፍና የእግር ኳስ የመጫወት፥ ቀስትም የመወርወር መብት እንዳለው በጽሑፍ አረጋገጠ። ከዚህ በኋላ 245 ዓመት ቈይቶ በ1797 የከተማው ሹማምንት ዕዳ ስለ በዛባቸው መሬቱ ከከተማው እጅ ወጣ። ጥንቸል የሚያረቡ ነጋዴዎችም ያዙት፤ ጥንቸሎቹም እየበዙ ሜዳውን በየቦታው ስለ ማሱት ጨዋታው ሊቀር ደረሰ። በተጫዋቾችና በነጋዴዎች መካከል የተነሣው ክርክር በፍርድ ቤትም በሜዳውም ሃያ ዓመት ያህል ቈየ። በመጨረሻ በ1821 ጄምስ ቺፕ የተባለ የአጠገቡ ባለርስት መሬቱን ገዝቶ ጥንቸሎቹን አስነሣ። በ1894 ስለ ሜዳው በፓርላማ ሕግ ወጥቶ መሬቱ ወደ ከተማው ተመለሰ፤ ከ1974 ጀምሮም በሕግ የቆመ አንድ የአደራ ጠባቂዎች ጉባኤ ያስተዳድረዋል።

ከዚህ የሚታየው ነገር ሹማምንትን ይመለከታል። የ1797 ሹማምንት ክፉዎች አልነበሩም፤ ዕዳቸውን ለመክፈል በእጃቸው ያገኙትን ሸጡ። ነገር ግን የሸጡት የአንድ ዓመት ዕዳ መክፈያ ሲሆን፥ ለማስመለስ ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አስፈለገ። ጄምስ ቺፕ ባይገኝ ኖሮ ምናልባት ጭራሽ ባልተመለሰም ነበር፤ የሕዝብ መሬት የአንድ ቸር ባለርስት መገኘትን መጠበቅ አልነበረበትም። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲሰማ ጃን ሜዳን ያስባል። ጥምቀት የሚከበርበት፥ ገናና ፈረስ ጉግስ የሚታይበት ያ ሜዳ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ከወረርሽኙ የተነሣ የአትክልት ገበያ ተዛውሮበት ነበር። ምክንያቱ የታወቀና የሚገባ ነበረ፤ ገበያውም ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሜዳው እንዲደርስ ተነሥቷል። ጊዜያዊው ነገር ጊዜያዊ ሆኖ በመቅረቱ ሊመሰገኑ የሚገባቸው ይመስገኑ።

በአሮጌው ሜዳ ለመጫወት የሚወድ እንግዳ ሁለት ነገር ማሰናዳት ያስፈልገዋል። አንደኛው የጨዋታውን ችሎታ ልክ የሚያስረዳ የምስክር ወረቀት ነው፤ ያለዚህ አይገባም። ሁለተኛው ትዕግሥት ነው። ከሰዓቱ ከፊሉ ከብዙ ወራት በፊት የሚያዝ ሲሆን፥ ከፊሉ ግን ስም ተመዝግቦ ከጨዋታው ሁለት ቀን አስቀድሞ በዕጣ ይሰጣል። ዕጣው ሲወጣ ሚኒስትርና ጫማ ሠሪ ስማቸው እኩል ነው። ዕጣው ያልወጣለት ወይም ገና ጀማሪ የሆነ ሰው እንዳያዝን፥ በዚያው መሬት ሌሎች አምስት ሜዳዎች አሉ፤ ከነርሱም ባልጎቭ የሚባለው 9 ጕድጓድ ያለው ለሕፃናትና ለጀማሪዎች የተሰናዳ ነው። ችሎታው ያልደረሰ ሰው ከታላቁ ሜዳ ይልቅ በባልጎቭ ቢውል ደስታው ይበልጣል፤ ከኋላው የሚጠብቁትም ሰዎች አያማርሩበትም።

ወደ ውጭ ለመውጣት ጊዜ ወይም ገንዘብ ያጠረው ደግሞ ከኤዲንብራ ሳይወጣ ይጫወታል። በከተማው መካከል ያለው ብራንትስፊልድ ጥንታዊ የጎልፍ መሬት ነው፤ ዛሬም አጫጭር ጕድጓዶች ስላሉት ዱላና ኳስ ያለው ሁሉ ያለ ዋጋ ይጫወትበታል፤ ሰዎች በመካከሉ ወደ ሥራቸው ሲያልፉ ኳስ መቺው ቆሞ ያሳልፋቸዋል። ይህ መሬት ሰው በበዛበት ጊዜ የከተማው ምክር ቤት በ1889 በስተደቡብ ያሉትን የብሬድ ኮረብቶች ገዝቶ ለሕዝቡ የጎልፍ ሜዳ አደረገላቸው። አንዱ ቦታ ሲጠብ ምክር ቤቱ ተጫዋቹን ከማባረር ይልቅ ሌላ ቦታ ፈለገለት ማለት ነው። ከብሬድ ኮረብቶች ራስ ላይ ሆኖ የኤዲንብራን ግንብ፥ የባሕሩን ወሽመጥና ከማዶ ያለውን አገር ማየት ይቻላል። መንገደኛ ስለ መጀመሪያ ቀኑ ምክር የጠየቀ እንደ ሆነ፥ ከስመ ጥሩዎቹ ሁሉ በፊት ወደዚህ ቢመራ መልካም ነው፤ ዋጋው አነስተኛ፥ ነፋሱ እንደ ባሕር ዳሩ ብርቱ፥ አብሮት የሚጫወተውም የከተማው ተራ ሰው ይሆናልና።

ስለ እሑድ አንድ ነገር መነገር አለበት። የኤዲንብራ ምክር ቤት በ1592 በሰንበት እንዳይጫወቱ ከልክሎ ነበር፤ ያ ክልከላ ከጊዜ በኋላ በብዙ ቦታ ተረስቷል። በሴንት አንድሩዝ አሮጌ ሜዳ ግን አንዳንድ ታላላቅ ውድድር ካልሆነ በቀር እሑድ ጎልፍ አይመታም። ጠባቂዎቹ መሬቱም ይረፍ ይላሉ። ስለዚህ እሑድ ቀን የደረሰ እንግዳ ዱላውን ባረፈበት ቤት ትቶ ይሂድ፤ የከተማው ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከልጆቻቸውና ከውሾቻቸው ጋር ሣሩን እየረገጡ ሲመላለሱ፥ ሽማግሌዎችም በትንሹ የድንጋይ ድልድይ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ያገኛቸዋል፤ እርሱንም ማንም ወዴት ነህ ሳይለው ከመጀመሪያው ጕድጓድ እስከ 18ኛው በእግሩ ሊዘልቅ ይችላል።