ሰማዩ ቅርብ፣ ቦሌ ሩቅ

ለጥምቀት ልጆችዎን ይዘው ጎንደር፣ አያታቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው እንበል። በረራው ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ቤትዎ ሳንሱሲ ከሆነ ግን ቦሌ ለመድረስ ከተማዋን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያቋርጣሉ። ትኬቱ ላይ 07:00 ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው፤ ሁለት ሰዓት ቀድመው ለመገኘት ሌሊት 10 ሰዓት ከቤት ይውጡ።

በባሕር ዳር በኩል ልሂድ ካሉም ያስቡበት። ከዚያ ጎንደር በአየር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪናው ግን ጣናን በምሥራቅ ዞሮ፣ በወረታና በአዲስ ዘመን 180 ገደማ ይጓዛል። የመንገዱንም ሁኔታ አስቀድመው ይጠይቁ።

ለአያት የሚነግሯቸው ቤት የሚደርሱበትን ሰዓት ይሁን። የትኬቱን ከነገሯቸው ቡናው ይቀዘቅዛል፤ የእሳቸውም ልብ ተሰቅሎ ይውላል።