የቈሰለ ሰው የቈሰለውን ሲወድ

ብዙ ሰዎች ያዘነውን ለማጽናናት የሚችል ራሱ ኀዘን ያልነካው ሰው ብቻ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ለዚህም የሔለን ኬለርና የአስተማሪዋ ታሪክ ምስክር ነው።

ሔለን በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ በ1880 ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በ19 ወርዋ ብርቱ በሽታ ያዛትና ዓይንዋ ታወረ፤ ጆሮዋም ደነቈረ። የሰው ድምፅ ስለማትሰማ ያን ጊዜ መናገርን አልተማረችም ነበር። አባትና እናትዋም እጅግ አዘኑላትና የፈለገችውን ሁሉ እንድታደርግ ተዉአት። በገበታ ጊዜ በየሰዉ ሳሕን እጅዋን እያገባች ትበላ ነበር። በወላጆችዋ መፍረድ አይገባም፤ ልጁ የታመመችበት ሰው እርስዋን መከልከል ይጨንቀዋልና። ነገር ግን ማዘን አንድ ነገር ነው፤ መውደድ ግን ሌላ ነው።

በ1887 አን ሱሊቫን የምትባል የ20 ዓመት አስተማሪ ወደ ቤታቸው መጣች። እርስዋም መከራን የምታውቅ ነበረች። በኢትዮጵያም ብዙ ሰው ያሳወረው ትራኮማ የሚባለው በሽታ በልጅነትዋ ዓይንዋን ጐድቶት ነበር። እናትዋ ሞተችባት፤ አባትዋም ትቶአት ሄደ። በ1876 ከታናሽ ወንድምዋ ጋራ ወደ ድሆች መጠለያ ገባች፤ ወንድምዋም ጥቂት ወር ቈይቶ በዚያው ሞተ። በኋላ በዕውሮች ትምህርት ቤት ስትማር፣ ሐኪሞች ዓይንዋን ቢያክሙላት ጥቂት ብርሃን አገኘች።

ይህች ሴት ልጂቱን እንደ ሌሎቹ አላባበለቻትም። በገበታ ከሳሕንዋ እንዳትወስድ ብትከለክላት ልጂቱ ቈነጠጠቻት፤ ማንኪያም ብትሰጣት ወደ መሬት ወረወረችው። አስተማሪይቱ ግን በሩን ቈልፋ፣ ማንኪያውን አንሥታ በራስዋ እጅ እስክትበላ ድረስ ታገሠች። ጭካኔ ያሉት ነበሩ ይሆናል፤ ነገር ግን ልጂቱን እንደ ሙሉ ሰው የቈጠረቻት እርስዋ ናት።

በኤፕሪል 5 ቀን 1887 የልጂቱን አንድ እጅ ከሚወርድ ውሃ በታች አድርጋ፣ በሁለተኛው መዳፍዋ ላይ የውሃን ስም በጣት ምልክት ፊደል በፊደል ጻፈችላት። ሔለንም ነገር ሁሉ ስም እንዳለው ያን ጊዜ ገባት። መሬትን እየነካች ስሙን ጠየቀች፤ ሴትዮዋንም እያመለከተች ማን እንደ ሆነች ጠየቀች። መልሱም «አስተማሪ» የሚል ነበር። በጥቂት ሰዓት ውስጥ 30 አዲስ ቃል ተማረች።

በዚያም ሌሊት ልጂቱ ማንም ሳያዝዛት ወደ አስተማሪዋ አልጋ መጥታ አቀፈቻት፤ ለመጀመሪያም ጊዜ ሳመቻት። ወንድምዋ በድሆች ቤት ከሞተ 11 ዓመት ሆኖት ነበር። የዳነችው ልጂቱ ብቻ ናት የሚል ሰው ስለዚህች ሌሊት አላሰበም።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ 49 ዓመት ያህል አብረው ኖሩ። በ1904 ሔለን የከፍተኛ ትምህርትዋን በማዕርግ ስትፈጽም፣ በየክፍሉ አጠገብዋ ተቀምጣ የመምህራንን ቃል በመዳፍዋ ላይ የጻፈችላት አን ነበረች፤ የደከመ ዓይንዋንም በዚህ ሥራ ይበልጥ አደከመችው። ሔለንም እስከ መጨረሻው ድረስ «አስተማሪ» እያለች ትጠራት ነበር።

አን በኦክቶበር 1936 ስትሞት ዓይንዋ ፈጽሞ ታውሮ ነበር። ሔለንም እጅዋን ይዛ አጠገብዋ ነበረች።