ከወደቡ ጀምራችሁ እዩት

ይድረስ ጣናን ለምትወዱና ገዳማቱን ለመሳለም ለምትሻገሩ ሁሉ፤

ፒራሚድ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው በረሃ ላይ ብቻውን የቆመ ሹል የድንጋይ ክምር ነው። የግብፅ ነገሥታት ያሠሩት ግን እንዲህ ያለ ብቸኛ ነገር አልነበረም። ጊዛ ላይ ካሉት ሦስቱ ታላላቆች ሁለተኛውን፣ የካፍሬን እንይ። ሥራው የሚጀምረው ታች ውኃው ዳር፣ ከአስዋን በጀልባ በመጣ ግራናይት በተሠራ ቤተ መቅደስ ነው። ከዚያ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የድንጋይ መንገድ ሽቅብ ይወጣና ሁለተኛ ቤተ መቅደስ ላይ ያደርሳል፤ ካህናት ለሞተው ንጉሥ መብልና መጠጥ የሚያቀርቡት እዚያ ነበር። ፒራሚዱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በቅጥር ተከቦ ነው። ከእሱ የሚቀድመው የሳቃራው የንጉሥ ጆሴር ፒራሚድ ቅጥር ደግሞ ከ10 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ዙሪያውን 15 በሮች ሲኖሩት 14ቱ ድንጋይ ላይ የተቀረጹ፣ የማይከፈቱ ናቸው። መግቢያው አንድ ብቻ ነው።

ይህን ከባሕር ዳር የምጽፍላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚያን ድንጋዮች የጫኑ ጀልባዎች እስከ ግንባታው ሥር የሚደርሱት ዓባይ ሲሞላ ነበር፤ የሙላቱም አብዛኛው ውኃ የእኛ ደጋ የክረምት ዝናብ ነው። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል «ራ» የተባለችውን የደንገል ጀልባ ጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ሲያሠራ፣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። ነገደ ወይጦ ታንኳ የሚሠሩበት ያው ደንገል ነው።

አሁን ወደ ጣናው ደሴት ገዳም፣ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ እንሂድ። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ የሰዓታት መንገድ ነው። ከወደቡ ወርዳችሁ በጥቅጥቅ ዛፍ ጥላ ሥር አቀበቱን ትወጣላችሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ኮረብታው አናት ላይ ነው። በዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከብራና መጻሕፍቱና ከንዋያተ ቅድሳቱ ጋር፣ የነገሥታት አፅም በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ አፅም እንደሆነ ይነገራል።

ውኃ፣ ወደብ፣ አቀበት፣ ከላይ የነገሥታት ማረፊያ። ቅደም ተከተሉ ከጊዛ ጋር ይመሳሰላል። ይህን ስል ዳጋ ከግብፅ ተቀዳ ማለቴ አይደለም፤ ይልቁንም እኔን የሚደንቀኝ ልዩነቱ ነው። ጊዛ ላይ መንገዱም፣ ቤተ መቅደሱም፣ ቅጥሩም የተሠሩት ለንጉሡ ነው። ዳጋ ላይ ንጉሡ እንግዳ ነው። በሕይወቱ ጎንደርን የቆረቆረው ፋሲለደስ እንኳ ያረፈው በጻድቃን ጸሎት ተጠግቶ፣ በሰማዕቱ ደጅ ነው። ቦታው የታቦቱ ነው።

ወደ ዳጋ ሴቶች አይገቡም። ስለዚህ እህቶቼ፣ እናንተ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ወይም ዘጌ ያለችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እዩ። እዚያ ጉዞው ቀጥ ያለ መሆኑ ቀርቶ ክብ ይሆናል፤ ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን ይዞራል፣ ቅድስቱ ደግሞ ባለ አራት ማዕዘኑን መቅደስ። ናርጋ ላይ እቴጌይቱ በሥዕል አሉ፤ ከእመቤታችንና ከልጇ እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። እዚያው ጊዛ ያለው የንጉሥ ኩፉ ፒራሚድ የታችኛው ቤተ መቅደስ ዛሬ በመንደር ቤቶች ሥር ተቀብሯል። የፍሳሽ ቱቦ ሲዘረጋ ነው የጥቁር ድንጋይ ንጣፉ ብቅ ያለው። ወደቡም ደርቆ ወንዙ ርቆ ሄዷል። ፒራሚዱ ብቻውን የቆመ የሚመስለን መግቢያው ከዓይናችን ስለጠፋ ነው።

እኛም ገዳም ይታደስ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የምናዋጣው ለጣሪያውና ለሥዕሉ ነው። እሱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በጣና ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ የእምቦጭ አረም ውኃውን ሸፍኖ ጀልባ ሲያስቸግር አይተናል፤ ደንገሉም እየተመናመነ ነው። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ክልል አድርጎ የመዘገበው ሐይቁን ከነዳርቻው ነው። የገዳማቱም ጥገና እንዲሁ ይሁን። በሚቀጥለው ጊዜ የእድሳት ኮሚቴ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ ስጡ፤ ስትሰጡም ወደቡ፣ የዛፉ ጥላና አቀበቱ በዕቅዱ ውስጥ እንዳሉ ጠይቁ። ከሌሉ እንዲገቡ አሳስቡ።

አክባሪያችሁ፣
ከባሕር ዳር