ኤር ፍራየሩን ተዉልን!

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሽንኩርት ቆራርጦ፣ በሽምብራ ዱቄት ለውሶ፣ ኤር ፍራየር ውስጥ ከትቶ ማውጣት ከመቼ ወዲህ ነው "ባህል ማጥፋት" የሆነው? የምግብ ቪዲዮ የምታዩ ሰዎች እስቲ ከሥር ያለውን አስተያየት አንብቡ። አንዷ ልጅ በ15 ደቂቃ ውስጥ ኩርሽም ኩርሽም የሚል ሽንኩርት ሠርታ ታሳያለች። ከሥሯ ወረፋ ነው። "ድሮ እናቶቻችን..." ይላል አንዱ። "ሰነፍ ትውልድ" ይላል ሌላው። "ይሄን ይዘሽ ነው ባል የምታገቢው?" የሚልም አይጠፋም። "የቅንጦት ዕቃ" የምትለዋማ ሁሌም አለች። (እሷን የሚጽፉት ሰዎች ብዙዎቹ የሚጽፉበት ስልክ የኤር ፍራየሩን ዋጋ ሦስት እጥፍ ያወጣል። በቅንፍ ይቅር።)

እኔ የወግዲ ልጅ ነኝ። ለማታውቁት፣ ወግዲ ከመካነ ሰላም ወዲያ ነው፤ የደቡብ ወሎ ደጋ ድንገት አልቆ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚወርድበት፣ ማዶ ጎጃም የሚታይበት አገር። አሁን አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ ጋዜጠኝነት ተምሬ። እና "ድሮ እናቶቻችን" የሚለው ነገር በተነሳ ቁጥር ጥርሴን የሚያፋጨኝ ለእኔ "ድሮ" ስላልሆነ ነው። ድሮ የምትሉት ነገር አሁን፣ ዛሬ ጠዋት፣ እዚያው አገር ቤት እየተሠራ ነው። ኩበት ተለቅሞ፣ ጭራሮ ተለቅሞ፣ እፍ እፍ ተብሎ፣ ዓይን ቀልቶ። እናንተ ትዝታ አድርጋችሁ የምታወሩትን ሕይወት የሚኖሩት ሰዎች ቢሰሟችሁ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። እዚህ ግን አይጻፍም።

እስቲ ስለ ቁሌት እናውራ። አንድ ዶሮ በ12 ብልት ወጥቶ በወጉ እንዲሠራ ሁለት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ይፈልጋል። ይላጣል፣ ይታጠባል፣ ደቆ ይከተፋል። ሽንኩርት ሲከተፍ ሰልፈር ያለበት ጋዝ ይለቃልና እንባው የግድ ነው። ከዚያ ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ፣ እንዳያር እየተማሰለ ይበስላል። ሰዓታት ነው የሚፈጀው። ውጤቱ? አልክድም፣ በዓለም ላይ ካሉ ምግቦች ሁሉ የምወደው ነው። ማንም ኤር ፍራየር ዶሮ ወጥ ይሠራል ያለ የለም፣ ቢልም ውሸቱን ነው። ማሰል የማይችል ማሽን ቁሌት አይነካም፤ ቁሌታችሁ ሰላም ነው፣ ተኙ።

ነገር ግን ቁሌት ሦስት ሰዓት ስለፈጀ መክሰስም ሦስት ሰዓት ይፍጅ የሚል ሕግ ማን አወጣ? ጉዳዩ ሽንኩርቱ አይደለም። እኛ ዘንድ የሴት "ሙያ" የሚለካው በጣዕም ብቻ ሳይሆን በድካም ነው። ያልደከመችበት ምግብ እንደ ሙያ አይቆጠርላትም። ላብ ካላየንባት፣ ጭስ ካልሸተተን፣ "ባለሙያ ናት" ለማለት አፋችን አይፈታም። ወንዱ በካልኩሌተር ሲደምር "በጣቱ ይቁጠር እንጂ፣ ሰነፍ" የሚለው ሰው አላጋጠመኝም። ገበሬው በበሬ ፈንታ በትራክተር ሲያርስ ቴሌቪዥን ሳይቀር መጥቶ ይቀርጸዋል፤ "ዘመናዊ አርሶ አደር" ይባላል። እሷ ቁልፍ ስትጫን ግን ባህል ጠፋ። ለምን?

ጭሱን እንደ ቅመም የምትቆጥሩ ካላችሁ ደግሞ ቁጥር አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስና ብክለት ምክንያት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው ያለ ዕድሜው መሞቱን ገምቷል። በእኛ አገር ከ10 ቤተሰብ 9ኙ ገደማ በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት ነው የሚያበስለው። ያ ጭስ የሚገባው ማን ሳንባ ውስጥ እንደሆነ ልንገራችሁ እንዴ? ጀርባዋ ላይ የታዘለው ሕፃንም አብሮ ይተነፍሰዋል።

ወደ "ቅንጦት" ልመለስ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ መካከለኛ ኤር ፍራየር 1,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ሽንኩርቱን በ15 ደቂቃ ካወጣችሁት የበላው 0.4 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፤ አንድ ሰዓት እንጀራ ከጋገራችሁበት ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ስምንት ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። ምጣዱን "ቅንጦት" የሚል አለ? የለም፤ ለምደነዋል። ፈረንጅ ሊጠው አንችልም፣ የእኛ ነው። እሱም ግን አንድ ጊዜ አዲስ ነበር። "የምድጃው እንጀራ ይሻላል" የሚሉ አዛውንቶች ዛሬም አሉ፤ ቤታቸው ብትሄዱ እንጀራው ከኤሌክትሪክ ምጣድ የወጣ ነው። ላቀች ምድጃና ምርጥ ምድጃም እንዲሁ ሲመጡ አዲስ ነበሩ። ከሰልና እንጨት ቆጠቡ፣ ገቡ፣ የቤት ዕቃ ሆኑ። ማንም "ሦስቱን ጉልቻ ናቁት" ብሎ ሰልፍ አልወጣም።

ይሄን ስል የዕቃው ነጋዴዎች ጠበቃ ሆኛለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ። እነሱም ይዋሻሉ። "ያለ ዘይት መጥበሻ" የሚለው ማስታወቂያ ግማሽ እውነት ነው። ዕቃው ምንም አስማት የለበትም፤ ትንሽ ፉርኖ ነው። ከላይ የጋለ ሽቦ አለ፣ ከሽቦው በላይ ማራገቢያ አለ፣ ማራገቢያው የጋለውን አየር በፍጥነት ምግቡ ላይ እየነፋ ላዩን ያደርቀዋል። ፊሊፕስ ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ሲያስተዋውቀው ከጀርባው ፍሬድ ፋን ደር ዋይ የሚባል ሆላንዳዊ ፈልሳፊ ነበር። የጋለ አየር እንደ ጋለ ዘይት ሙቀትን ቶሎ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ በደምብ ዘይት ውስጥ ከተጠበሰው ጋር አንድ ነው የሚላችሁ ሰው አልቀመሰውም። ዘይት ጭራሽ ካልነካውም ዱቄቱ ነጭ ሆኖ፣ አቧራ መስሎ ይቀራል። ሁለት ማንኪያ የግድ ነው።

ሁለት ማንኪያ ግን ሁለት ማንኪያ ነው! መጥበሻ ላይ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ አጥልቃችሁ ለማውጣት ቢያንስ ግማሽ ሊትር ትፈልጋላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት በፈነዳ ሰሞን 5 ሊትር ዘይት ወደ 1,000 ብር ሲጠጋ፣ ኢንዶኔዥያም የፓልም ዘይት ለውጭ ገበያ እንዳይወጣ ስትከለክል የነበረውን ወረፋ የረሳ አለ? ዘይታችን አብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት ውስጥ የተጠበሰበት ዘይት አይደፋም፤ ተጣርቶ ይቀመጣል፣ እንደገና ይጠበስበታል፣ እስኪጠቁር ድረስ። ይሄን እያወቀ "ዘይት መቆጠብ የፈረንጅ ፋሽን ነው" የሚል ሰው ገበያ ወጥቶ አያውቅም።

በነገራችን ላይ አሠራሩን እንኳ በትክክል የሚያሳይ ቪዲዮ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ የፈረንጆቹን ቀለበት ቀለበት የሚመስለውን ሽንኩርት ቀጥታ ይገለብጣሉ። ቀጭን ሊጥ ውስጥ ይነክሩትና ኤር ፍራየር ውስጥ ይከቱታል፤ ሊጡ በወንፊቱ ቀዳዳ ይንጠባጠባል፣ ማራገቢያው ይበትነዋል፣ ከዚያ "ዕቃው አይረባም" ይባላል። ዘይት ሊጥን ወዲያው ያጠነክረዋል፣ አየር አይችልም። ስለዚህ ቀጭን ሊጥ አይሆንም። የሀበሻ ሽንኩርት ደግሞ ትናንሽ ስለሆነ ቀለበት አይወጣውም፤ እሱን ለቁሌት ተዉት። ትልልቁን ቦምቤ ቀይ ወይም አዳማ ቀይ ግዙ።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ሦስት ትልልቅ ሽንኩርት በቀጭኑ በርዝመቱ እቆርጣለሁ። ጨው ነስንሼ በእጄ አሸት አሸት አደርገውና 15 ደቂቃ እተወዋለሁ፤ ውሃውን ራሱ ይለቃል። ሽንኩርት አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው፤ ሌላ ውሃ አልጨምርም። ከዚያ በርበሬ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ በመጨረሻ የሽምብራ ዱቄት ትንሽ በትንሽ፣ ሽንኩርቱ እርስ በርሱ እስኪያያዝ ብቻ። የሽምብራ ዱቄት ከሌለ ሽሮ ይሠራል፤ ቅመሙ ቀድሞ ያለቀለት ስለሆነ እንዲያውም ይጣፍጣል። ኤር ፍራየሩ ባዶውን ሦስት ደቂቃ ይግላል። ወንፊቱ ዘይት ይቀባል። በማንኪያ እየቆነጠርኩ ሳላጠጋጋ እደረድራለሁ፤ ተደራርቦ ከገባ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። በ190 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ፣ መሃል ላይ ተገልብጦ። ኩርሽምታው እንዲጨምር የፈለገ የቤት ድርቆሽ በእጁ አድቅቆ ከላይ ይንሰንስበት። የሕንዶቹ ባጂያ ዘመድ ነው፣ አልደብቅም። ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ወተት የለበትም፣ እንቁላል የለበትም፤ የጾም ነው። በዓመት ከግማሽ በላይ የሚጾም አገር ውስጥ ይሄን "የእኛ አይደለም" ያለኝ ሰው አለ... ሽምብራው፣ በርበሬው፣ ድርቆሹ፣ ዳጣው የማን ነው ታዲያ? የቻይና?

አሁን ደግሞ ሰው የማያነሳውን ላንሳ። ከእኛ አገር፣ ከወሎ፣ ይሄን ዕቃ መጀመሪያ በእጃቸው የነኩት የቦሌ ልጆች አይደሉም። ሪያድና ጂዳ፣ ቤይሩትና ዱባይ ሰው ቤት ሊሠሩ የሄዱ ልጆች ናቸው። ከየወረዳው፣ ከየቀበሌው የሄዱ፤ በረሃ አቋርጠው፣ ባሕር ተሻግረው የሄዱም አሉ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ስታባርር ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ናቸው በወራት ውስጥ የተመለሱት። ከእነዚህ ልጆች መካከል ዛሬ በየትኛውም ምግብ ቤት ካሉት በላይ የማዳም ወጥ ቤት ያሠለጠናቸው አሉ። ኤር ፍራየር በስንት ዲግሪ ምን እንደሚሠራ በእንቅልፍ ልባቸው ያውቁታል። ለሌላ ሰው ማዕድ ሲሠሩበት ማንም ሰነፍ አላላቸውም፤ ልጅቷ በላከችው ብር ጣሪያ ቆርቆሮ ሆነ፣ ወንድም ተማረ። አንዷ ዕቃውን በሻንጣ ይዛ ስትመጣና ለራሷ ቤት፣ ለራሷ እናት ሽንኩርት ስትጠብስበት ግን "ዐረብ አገር አበላሻት" ተባለች። የላከችውን ገንዘብ ስትቆጥሩ ግን አበላሻት አላላችሁም።

"ታዲያ ይሄ ለገጠሯ ሴት ምን ይረባታል?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ብቸኛው ትክክለኛ ጥያቄያችሁም እሱ ነው። ዛሬ ምንም አይረባትም። መብራት የሌለበት ቤት ኤር ፍራየር ቁም ሳጥን ነው። ግን ጥያቄውን ለማን እንደምታቀርቡ ተሳሳታችሁ። ቪዲዮ ለሠራችው ልጅ ነው ያቀረባችሁት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከውሃው የተወሰነው በወግዲ ገደል ሥር ያልፋል፤ ከላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ። ቦንዱን የአስተማሪው ደመወዝም፣ የገበሬው ጤፍም ገዝቶታል። ገደሉ አናት ላይ ያለችው ሴት ግን ያን ውሃ ቁልቁል እያየች ኩበት ትለቅማለች። ብርቱ ተቆርቋሪ ከሆናችሁ አስተያየታችሁን እዚያ ጻፉ፤ መስመሩ መቼ ነው ገጠር ቀበሌ የሚደርሰው፣ ትራንስፎርመር ሲቃጠል በስንት ወር ነው የሚቀየረው በሉ።

እስከዚያው ከተማ ያለነውን ሽንኩርታችንን ተዉልን። ቅዳሜ ሊጎበኙኝ የሚመጡ ሁለት ወንድ ጓደኞች አሉኝ፤ ባለፈው "ምነው እንደ እናቶቻችን ብትሠሪ" ያሉኝ። ሽንኩርቱን ልጠው፣ ቆርጠው እንዲጠብቁኝ ነግሬያቸዋለሁ። ቢላው መሳቢያው ውስጥ ነው።