ከጆንያው በፊት

ጥቅምት ውስጥ አንድ ሐሙስ ማታ ድመቴን ዳልቻን ከእንስሳት ሐኪም ቤት በዘንቢል ይዤው ገባሁ። የታመመ ጥርሱ ተነቅሎለት ነበር፤ ማደንዘዣው ገና ስላልለቀቀው አንገቱን ማቅናት አቅቶታል። ዘንቢሉን ሳሎን አስቀምጬ ያለበስኩትን ነጠላ ገለጥ ሳደርግ ሌላዋ ድመቴ ሽሮ እንደ ልማዷ ልትቀበለው መጣች። ሽሮና ዳልቻ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። የሚተኙት አንድ ትራስ ላይ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ጆሮውን የምትልስለት እሷ ነበረች። አፍንጫዋን ወደ አንገቱ አስጠጋች፣ አሸተተችው፣ ቆም አለች። ከዚያ ጀርባዋ ጎበጠ፣ ጠጉሯ ቆመ፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ተለጠፈ። ‹‹ፍፍፍ›› ብላ ፊቱን በጥፍሯ ቧጠጠችው። እሱም በዚያ በደነዘዘ ሰውነቱ እየተንገዳገደ ከፍሪጁ ኋላ ገባ። ሌሊቱን ሙሉ አልወጣም።

እስኪነጋ ይረሱታል ብዬ ነበር። በማግስቱ ሽሮ ኮሪደሩ ላይ ተጋደመች። ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሳሎን ወደ መታጠቢያ ቤት የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን የሁለቱም መጸዳጃ፣ ሰጋቱራ የተሞላው ሳፋ፣ ያለው እዚያ ነው። እሷ ምንም አታደርግም። ተጋድማ ታያለች። ዳልቻ ብቅ ሲል ዓይኗን ሳትነቅል ትክ ብላ ታየዋለች፤ እሱ ይመለሳል። ስላልተጯጯሁ ይህንን ከጠብ አልቆጠርኩትም። በአራተኛው ቀን አልጋዬ ላይ ሸንቶ አገኘሁት። ሳምንት ሳይሞላ ከኋላው ዘላ ያዘችውና ሁለቱም ተጠቅልለው ከሶፋው ሲወድቁ ቤቱ በጠጉር ተሞላ።

ጩኸቱን ሰምተው የመጡት ጎረቤቴ ነበሩ። በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ ስታመም ሾርባ ይዘው የሚመጡ ሴት ናቸው። አይተው አዘኑልኝ።

‹‹ልጄ፣ ምን አደከመሽ? አንደኛውን በጆንያ አድርገሽ ራቅ ካለ ገበያ ጣይው። ድመት የትም ወድቃ አትሞትም።››

‹‹እትዬ፣ እሱ እንኳን ይቅር›› አልኳቸው።

ክፋት አልነበረባቸውም። ሁላችንም ያደግነው እንዲህ እያየን ነው። ልጅ ሳለሁ እኛም ግቢ የምትኖር አንዲት ቡራቡሬ ድመት ከአሮጊቷ ድመታችን ጋር አልስማማ ስትል አጎቴ በጆንያ ቋጥሮ እህል በረንዳ ገበያ አካባቢ ጥሏት መጣ። መኪናው ሲነሣ ከጆንያው ውስጥ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እህል ባለበት አይጥ አይጠፋም፣ ትጠግባለች ተባልን። ዛሬ ሳስበው የዚያ ገበያ እያንዳንዱ ጥግ ቀድሞውኑ ባለቤት ነበረው። የተጣለች ድመት የምታርፈው ሌላ ድመት በያዘው ርስት ላይ ነው። ትነከሳለች፤ ንክሻው ላዩን ድኖ ውስጡ መግል ይቋጥራል። የሰውን ሳይሆን የድመትን የመከላከል አቅም የሚያዳክመው ቫይረስም በዋናነት የሚተላለፈው በዚሁ ንክሻ ነው። ጠቡ ከቤታችን ወጣ እንጂ አልቆመም።

ስለዚህ እምቢ አልኩ። እምቢታ ብቻውን ግን ዳልቻን ከፍሪጅ ኋላ አያወጣውም፤ ሽሮ ምን ሆና እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ለማዳዋ ድመት የተገኘችው በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖረው የዱር ድመት ነው። ይህ የዱር ድመት የኛም አገር እንስሳ ነው። ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው ገበሬ እህል ማከማቸት ሲጀምርና አይጥ ሲበዛ እንደሆነ ይታመናል። ቆጵሮስ ውስጥ 9,500 ዓመት ገደማ ባስቆጠረ መቃብር አንድ ሰውና አንዲት ድመት ጎን ለጎን ተቀብረው ተገኝተዋል። ይህን ሁሉ ዘመን ከሰው ጋር ኖራም አደኗ አልተለወጠም። አንበሳ ጎሽ ይጥላል፤ ሥጋው ለመንጋው ይበቃል፤ ስለዚህ አብሮ ማደን ያዋጣዋል። የድመት አደን አይጥ ነው። አንድ አይጥ ለሁለት አይበቃም። ብቻዋን ታድናለች፣ ብቻዋን ትበላለች፣ የምታድንበትንም መሬት ትጠብቃለች። እናትና ሴት ልጆች፣ እህትማማቾች፣ ምግብ በተትረፈረፈበት ስፍራ ተሰብስበው ልጅ በማሳደግ እስከ መተጋገዝ ይደርሳሉ። ዝምድና የሌላት ድመት ስትመጣ ግን የሚያዩዋት እንደ ባዳ ነው። እኛ ደግሞ ‹‹ጓደኛ ትሁናት›› ብለን አንዷን ከመርካቶ፣ ሌላዋን ከዘመድ ቤት አምጥተን በአንድ ቀን አንድ ሳሎን ውስጥ እንለቃቸዋለን።

ሌላው ነገር ጠረን ነው። እኔ ዳልቻን የማውቀው በመልኩ ነው፤ አመድማ ቀለሙንና የተቀደደች የግራ ጆሮውን አይቼ። ለሽሮ ዳልቻ ማለት ጠረኑ ነው። ድመት ጉንጯን በበር መቃን፣ በወንበር እግር፣ በእኛም ቅልጥም ላይ የምታሻሸው ጉንጯ ላይ ያሉት ዕጢዎች የሚያመነጩትን ጠረን ለመተው ነው። አብረው የሚኖሩ ድመቶች እርስ በርስ ሲተሻሹና ሲላላሱ ጠረናቸው ይደባለቅና የቤቱ ሁሉ ማኅተም ይሆናል። ያን ሐሙስ ማታ ዳልቻ ይዞት የገባው የአልኮል፣ የመድኃኒት፣ የውሻና የፍርሃት ጠረን ነበር። ማኅተሙ ጠፍቶ ነበር። ሽሮ የቧጠጠችው ጓደኛዋን አልነበረም፤ የዳልቻን መልክ ይዞ የመጣ እንግዳ ነው። ይህን ስረዳ የተቆጣሁባት ቁጣ ሁሉ ቆጨኝ። ሁለት ጊዜ ጮኼባት ነበር፣ አንድ ጊዜም በነጠላ ጫፍ መትቻታለሁ። እሷ ከዚያ የተማረችው ዳልቻ በቀረበ ቁጥር ክፉ ነገር እንደሚመጣ ብቻ ነው። በጠብ ላይ ያለችን ድመት መምታት ጠቡን ያጠነክረዋል። ይህን ማንም እንዲጠራጠር አልፈልግም።

ሦስተኛውን ምክንያት ያገኘሁት መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሳይ ነው። ከመስኮታችን ፊት ለፊት የሉካንዳ ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ አለ። ማምሻውን ባለቤት የሌላቸው ሁለት ወንድ ድመቶች እዚያ ይወጣሉ። ሽሮ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ታያቸዋለች፤ ጅራቷ ይወራጫል፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ታጉረመርማለች። ልትደርስባቸው አትችልም። በዚያች ደቂቃ ዳልቻ ከኋላዋ ካለፈ ቁጣው እሱ ላይ ያርፋል። ‹‹ሁለቱ ድመቶቼ ያለ ምክንያት ተጣሉ›› የምትለኝ አንባቢ፣ መጀመሪያ በመስኮትህ ተመልከት።

ሽሮና ዳልቻ በእናቴ ግቢ ሳሉ እንዲህ አይጣሉም ነበር። ግቢው ሰፊ ነው፤ አጥር፣ ኩሽና፣ ጣሪያ፣ የጌሾው ጥላ አለ። ያኔ እንደተዋደዱ ብቻ ነበር የማስበው፤ አሁን ሳስታውስ ግን ተራ ነበራቸው። ጠዋት ኩሽናው ጣሪያ ላይ ፀሐይ የምትሞቀው ሽሮ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ቦታው የዳልቻ ነው። ፓውል ላይሃውዘን የተባለው ጀርመናዊ የእንስሳት ጠባይ አጥኚ ድመቶች አንድን መንገድና አንድን መቀመጫ በተለያየ ሰዓት እየተፈራረቁ እንደሚጠቀሙ ጽፏል፤ የኛዎቹም ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው። ወደ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ጣሪያውንም፣ አጥሩንም፣ ሰዓታቸውንም ወሰድንባቸው። አዲስ አበባ ከግቢ ወደ ፎቅ ስትገባ ድመቶቿም አብረው ገብተዋል፤ ስለ እነሱ ግን ያሰበ ሰው የለም።

መፍትሔው ዘገምተኛ ነው፤ እንደገና ከመጀመሪያው ቀን እንደሚተዋወቁ አድርጎ መጀመር ነው። ዳልቻን መኝታ ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ የራሱ ውኃ፣ የራሱ ሳህን፣ የራሱ ሳፋ ሰጠሁት። የሳፋው ቁጥር ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ ቢበልጥ ይመከራል፤ ለሁለት ድመት ሦስት ማለት ነው፤ ሦስቱ ግን ጎን ለጎን ከተደረደሩ ለድመት እንደ አንድ ናቸው። አንዱን መኝታ ቤት፣ አንዱን መታጠቢያ ቤት፣ አንዱን በረንዳ በር አጠገብ አደረግሁ። ሰጋቱራውን ከሰፈሬ አናጢ በጆንያ እወስዳለሁ። ጆንያ በቤቴ የገባው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልተያዩም። አንድ አሮጌ የጥጥ ካልሲ ወስጄ የዳልቻን ጉንጭና አገጭ አሸሁበትና ሽሮ ከምትበላበት ጥቂት ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። የእሷንም እንዲሁ ለእሱ። በመጀመሪያው ቀን ካልሲው ላይ ፍፍ አለች። በአምስተኛው ቀን ተኛችበት። ከዚያ የምግብ ነገር መጣ። ሁለቱም ከምንም በላይ የሚወዱት የተቀቀለ ሳንባ ነው። ሳህኖቹን ከተዘጋው በር በዚህና በዚያ አኖርኩ፤ መጀመሪያ ከበሩ ሁለት ሁለት ሜትር አርቄ፣ ከዚያ በየቀኑ አንድ ጫማ ያህል እያቀረብኩ። አንዳቸው መብላት ካቆመ ወይም ካጉረመረመ ሳህኑን ወደ ትናንቱ ቦታ እመልሳለሁ። ሦስት ጊዜ መልሻለሁ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሁለት ቀን ሰላም ሲያይ በሩን ይከፍታል፣ ይጣላሉ፣ የሦስት ሳምንት ልፋት ይጠፋል።

በአራተኛው ሳምንት በሩን አንድ ጣት ያህል ከፍቼ በሽብልቅ አቆምኩት። ተያዩ፣ በሉ፣ ተለያዩ። ሁለት ደቂቃ። በማግስቱ ሦስት ደቂቃ። በዚህ መሃል የመስኮቱን የታችኛውን ግማሽ በወረቀት ሸፈንኩት፤ በቁም ሳጥኑ አናት ላይ ካርቶን አስቀምጬ ወንበር ደገፍኩለት፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ድመት መሸሽ ስለሚችል መዋጋት አያስፈልገውም። ኮሪደሩ ላይ እንዳይገጣጠሙ የሳህኖቹንም ቦታ ለያየሁ።

ሐኪሙ የነገረኝ አንድ ነገር እዚህ መጻፍ አለበት። ድንገት ጠበኛ የሆነች ድመት የሚያማት ነገር ሊኖር ይችላል፤ ጥርስ፣ መገጣጠሚያ፣ በዕድሜ ለገፋች ደግሞ የእንቅርት ዕጢ። ከጠብ በፊት ሕመሙ ይታይላት። ሥጋት የድመትን ፊኛም ያሳምማል። ወንድ ድመት ለመሽናት ደጋግሞ እየተቀመጠ ጠብታ ካልወጣው ግን የሚጠበቅ ነገር የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ካልደረሰ ሊሞት ይችላል። ያልተኮላሸ ወንድ ካለም ማኮላሸቱ ጠቡን በጣም ይቀንሰዋል። እሱ ሳይደረግ ስለ ካልሲና ስለ ሳህን ማውራት ጊዜ ማባከን ነው።

ተያይዘው የሚዋጉ ድመቶችን በእጅ መገላገል አይገባም። ትራስ፣ ብርድ ልብስ ወይም ሰፊ ካርቶን በመሃላቸው አስገቡና አንዷ ወደ ሌላ ክፍል ትሂድ። የድመት ጥርስ ቀጭን ነው፤ ቁስሉ ትንሽ መስሎ ጀርሙን ወደ ጥልቅ ያደርሰዋል። የእብድ ውሻ በሽታም በአገራችን አለ፤ ድመትም ታስተላልፋለች። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ፤ ድመቶቹም ክትባታቸውን ይውሰዱ።

በስድስተኛው ሳምንት በሩ ተከፈተ። ሽሮ ወደ መኝታ ቤቱ ገብታ አልጋውን፣ መጋረጃውን፣ የዳልቻን ሳፋ አንድ በአንድ አሸተተች። እሱ ቁም ሳጥኑ ላይ ሆኖ ያያታል። ማንም ፍፍ አላለም። እኔ መሬት ተቀምጬ እንባዬ መጣ፤ በዚያን ሰዓት አጎቴ የጣላትን ቡራቡሬ እያሰብኩ ነበር።

እንደ ድሮው አልሆኑም። ትራሱን አይጋሩም፤ እሷ በሶፋው በዚህ ጫፍ፣ እሱ በዚያ ጫፍ ይተኛሉ። ጆሮውንም መላስ አልጀመረችለትም። ከእነሱ የምፈልገው መዋደድን አይደለም፤ አንዱ ሌላውን ሳይፈራ እንዲበላ፣ እንዲጠጣ፣ እንዲጸዳዳ ነው። ይህም ሆኗል። ጎረቤቴ አልፎ አልፎ ሳንባ በፌስታል ይዘውላቸው ይመጣሉ፤ ሁለት ቦታ እንደሚቀመጥ ያውቃሉ፣ ራሳቸው ይከፋፍሉታል።

በሚቀጥለው ወር ዳልቻ የቀረ ጥርሱን ሊታይ ተመልሶ ይሄዳል። ዘንቢሉ ውስጥ የማነጥፈው ሽሮ ሰሞኑን የምትተኛበትን ፎጣ ነው። ሲመለስ ሳሎን አይገባም፤ በቀጥታ መኝታ ቤት ገብቶ በሩ ይዘጋል፤ የመድኃኒቱ ሽታ ከጠጉሩ እስኪለቅ አንድ ቀንም ሁለት ቀንም እንጠብቃለን። ካልሲውን አጥቤ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።