ጀበናዋን ወደን፣ ሠሪዋን ንቀን

የጥንቱ ዕቃ በአዲስ አበባ ሆቴሎችና በእኛው በምሁራኑ ሳሎን ሳይቀር ተፈላጊ ሆኗል። መሶቡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ጭስ የጠገበው ጀበና በመስታወት መደርደሪያ ውስጥ ተኮፍሷል። ዕቃው ውብ መሆኑን አልክድም። የምነቅፈው ፍቅሩ ከዕቃው አልፎ ወደ ሠሪው አለመዝለቁን ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ቋንቋችንን እንመርምር። «ጠቢብ» ስንል አዋቂ ማለታችን ነው፤ የሸማው ጥለትም «ጥበብ» ይባላል። የዚያው ቃል ዘመድ በሆነው «ጠይብ» ግን ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ሰደብንበት። ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ይበላሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ አልን። (መሶብ የምትሰፋዋ እመቤት ይህ ስድብ አልደረሰባትም፤ ስለዚህ የተናቀው የእጅ ሥራ ሁሉ አልነበረም።) በጎንደር ዙሪያ ርስት የተነፈጉት ቤተ እስራኤላውያን ማረሻውን ቀጠቀጡ፣ ምጣዱን ሠሩ፤ ብድራቸው ያው ስም ሆነ። ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከተጓጓዙም በኋላ፣ ወለቃ ላይ በስማቸው የሸክላ ምስል ለጎብኚ ሲሸጥ ቆይቷል።

ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል። ከመቶ ዓመት በኋላም አዋጁ ወደ ጋብቻ ጉዳይ አልተሻገረም። «ልጁስ ጨዋ ነው፤ ግን የሸክላ ሠሪ ዘር ነው አሉ» እያሉ የሚያንሾካሹኩ ባለ ዶክትሬቶችን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ የምንጠጣው ቡና በምን የተፈላ ይመስላችኋል?

የቀጨኔ ሴቶች ማሽከርከሪያ ሳይኖራቸው ጭቃውን በእጃቸው አቡክተው፣ ቅርጽ አስይዘው፣ በለስላሳ ድንጋይ አሽተው በማገዶ ይተኩሱታል፤ ጭሱንም ይውጡታል። ዘመናዊ ነው የምንለው የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ ላዩ ሸክላ ነው! ሆኖም ለአንድ ስኒ ማኪያቶ ሳንከራከር የምንከፍል ሰዎች፣ ጀበና ስንገዛ «ጭቃ አይደል?» እያልን ከሴትዮዋ ጋር እንሟገታለን። ሥዕል ስንገዛ የሠዓሊውን ፊርማ እንፈልጋለን፤ የጀበናዋን ሠሪ ስም የጠየቀ ገዢ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

«ባህላችንን እንጠብቅ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። የትኛውን? ሸክላውም ንቀቱም ከአንድ ቤት የወጡ ባህሎች ናቸው። ለመሆኑ የዚያች ሸክላ ሠሪ ልጅ ነገ ለልጃችሁ ሽማግሌ ቢልክ፣ ጀበናው ወደ ተደረደረበት ሳሎን ታስገቧቸዋላችሁን?